«አባቴ ለሽማግሌ እሺ አለ» በእንግሊዝኛ የትኛው ግስ ነው የሚይዘው?

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ በናታችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ለውጭ ስኮላርሺፕ እያመለከትኩ ነው፣ ከሚጠይቁት ነገር አንዱ ሕይወትሽን የቀየረ አንድ ቀን ጻፊ የሚል ነው፣ እኔም ስለ አባቴ ጻፍኩ። ድርሰቱ አልቋል፣ የቀረኝ አንድ ግስ ብቻ ነው፣ እሱ ላይ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቆሜያለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እኛ ቃሉ ነን፣ ከሐርቡ ወጣ ብሎ። አባቴና ጎረቤታችን በመስኖ ውሃ ተራ ተጣሉ፣ ሰውየው በኛ ተራ ሌሊት ቦዩን ሰብሮ ውሃውን ወደራሱ ማሳ አዞረውና ሽንኩርታችን ጠውልጎ ቀረ፣ አባቴ ደሞ ያንን ሽንኩርት በብድር ነው የተከለው። ከዛ በኋላ ዘጠኝ ወር አልተነጋገሩም፣ ለቅሶ ቤት እንኳን አንዱ ድንኳን ውስጥ ከገባ ሌላው ውጪ ነው የሚቀመጠው። በመጨረሻ ሽማግሌ መጣ፣ አበጋሩ፣ የኛ አገር አስታራቂ አባት ማለት ነው፣ ከፊት ሆነው እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው፣ ከኋላቸው ደሞ ዱበርቲዎቹ፣ ዱአ የሚያደርጉት እናቶች። እናቴ ቡና አፈላች፣ ቀዳች፣ ማንም ሲኒውን አላነሳም። አበጋሩ «እሺ ሳትለን ቡናህ ጉሮሯችንን አይወርድም» አሉት። አባቴ ፍሙን እያየ ዝም አለ፣ በጣም ረጅም ጊዜ፣ የሲኒዎቹ እንፋሎት እስኪጠፋ ድረስ። ከዛ «እንግዲህ ለናንተ ስል ትቼዋለሁ» አለ። አበጋሩ የቀዘቀዘውን ቡና አንስተው ፉት አሉና መረቁት። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ ያኔ።

ታዲያ ይቺን «እሺ አለ» የምትለዋን መጀመሪያ ሰረንደርድ ብዬ ጻፍኳት፣ ምክንያቱም ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ለእጅ መስጠት እሱን ነው የሰጠኝ። ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ አንብቦት «አባትሽ ምን ወንጀል ሰርተው ነው ለሽማግሌ እጃቸውን የሰጡት?» አለኝ። ጌቭ አፕ ብዬ ቀየርኩት፣ «ይሄማ ተስፋ ቆረጡ ነው» አለኝ። ሰከምድ ስል ደሞ ደንግጦ ደወለ፣ አባቴ የሞተ መስሎት። ከዛ ዝርዝሩን ሳወጣው ዪልድ፣ ሰብሚት፣ ሪለንት፣ ኮንሲድ፣ ካፒቹሌት ምናምን ይላል፣ የሁሉም ፍቺ ግን ተሸነፈ፣ ተሸነፈ፣ ተሸነፈ ነው። አባቴ ደሞ አልተሸነፈም፣ እኔ እዛው ነበርኩ፣ አይቼዋለሁ። አርብ ማታ ይዘጋል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።


ኮምቦልቻ ነኝ፦

እታለም፣ ጊቭ ኢን በይና ገላገይው። ጊቭ አፕ እና ጊቭ ኢን እኮ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የለየኋቸው። ጊቭ አፕ ራስህ የጀመርከውን ነገር መተው ነው፣ ሲጋራ ይሁን ትምህርት ይሁን ተራራ መውጣት ይሁን፣ ሌላ ሰው ባይኖርም ይሆናል። ጊቭ ኢን ግን የሚገፋህ አለ፣ ልጅ ስልክ ግዛልኝ እያለ አንድ ወር ሲነዘንዝህ በመጨረሻ ስትገዛለት ማለት ነው። ያንቺ አባት ላይ ሽማግሌዎች አሉ፣ ግፊት አለ፣ ስለዚ ጊቭ ኢን። ቀላልም ነው፣ ማንም ይረዳዋል።


የቦርከና ልጅ፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እስካሁን ከሞከርኩት ይሄ ይሻላል። ግን እንዳልከው ልጅ ሲነዘንዝ የሚሆነው ነገር ከሆነ አበጋሩን ነዝናዛ አያስመስላቸውም? አንድ ጊዜ ነው የለመኑት፣ ከዛ ዝም ነው ያሉት።


ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦

ልጄ አብሽሪ፣ ችግሩ ያንቺ አይደለም፣ ሁሉንም በአንድ ቃል የሚፈታው መዝገበ ቃላት ነው ያስቸገረሽ። እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት፣ ይሄንን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ የለኝም። ተማሪዎቼን ቃሉን ከማጥናታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ እላቸው ነበር፦ ማን ነው የገፋው፣ ምን ነው ያስረከበው፣ እምቢ ማለትስ ይችል ነበር ወይ።

ሰረንደርን ውሰጂ። ከፈረንሳይኛ የገባ ቃል ነው፣ ሥሩ ማስረከብ ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በእጅ የሚሰጥ ነገር አለው፣ መሳሪያ፣ ከተማ፣ ፓስፖርት፣ ወይ የገዛ ሰውነት። የኛው መቅደላ ላይ የሆነውን አስቢ። አጼ ቴዎድሮስ እሮጌ ላይ ጦራቸው ከተመታ በኋላ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር እጅ ስጡ ብሎ ላከባቸው፣ እሳቸው የያዟቸውን አውሮፓውያን እስረኞች ለቀቁ፣ ራሳቸውን ግን አልሰጡም፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ጦሩ አምባው ላይ ሲወጣ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ይሄንን በእንግሊዝኛ ስትጽፊው እስረኞቹን በተመለከተ ዪልድድ ወይም ጌቭ ኢን ብትይ ያስኬዳል፣ ሰረንደርድ ካልሽ ግን ታሪኩን ገለበጥሽው። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱን አድርጎ ሌላውን እምቢ ሊል ይችላል፣ ቃላቱ አንድ አይደሉም ማለት ይሄ ነው።

ካፒቹሌት ደሞ ሥሩ ላቲን ሆኖ ምዕራፍ ወይም አንቀጽ ከሚለው ነው የመጣው፣ መጀመሪያ ትርጉሙ ውሉን በአንቀጽ በአንቀጽ አድርጎ መጻፍ ነበር። ተሸናፊው ይደራደራል፣ እንዲህ ካደረጋችሁልኝ እንዲህ አደርጋለሁ ይላል። ግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የተከበበው የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን ከነክብሩ ወጥቶ እንዲማረክ ተስማምቶ ነው የወረደው፣ ካፒቹሌት በጥንቱ ትርጉሙ እንዲህ ያለው ነው። ጃፓን በ1937 ዓ.ም. ያደረገችው ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ ሰረንደር ነው የሚባለው። ዛሬ ጋዜጣ ላይ ካፒቹሌት ሲባል ግን እስከመጨረሻ እምቢ ብሎ ቆይቶ ድንገት ሁሉን ነገር የለቀቀ ሰውን መውቀሻ ሆኗል፣ ለአባትሽ አይሆንም።

ሰብሚት ከሥር መግባት ነው፣ ከሌላው ሥልጣን በታች ራስን ማስገባት። ለዚህ እኛ ገበረ የሚል አለን፣ ከእንግሊዝኛው የጠነከረ ነው እንዲያውም። ንጉሥ ምኒልክ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ለአጼ ዮሐንስ ሲገቡ በወጉ መሠረት ድንጋይ ተሸክመው ነበር የቀረቡት፣ ከዚያ ዘውዳቸው ተመለሰላቸውና የሸዋ ንጉሥ ሆነው ገበሩ። ያ ሰብሚት ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የበላይና የበታች አለ። አባትሽና አበጋሩ መሃል ግን በማግስቱ ማንም ለማንም አልገበረም።

ሰከም ላይ የአክስትሽ ልጅ መደንገጡ ልክ ነው። ከአንድ ነገር በታች መውደቅ ነው ሥሩ፣ የሚጥልሽ ነገር ካንቺ ይበልጣል፣ በሽታ፣ እንቅልፍ፣ ፈተና። የእንግሊዝኛ ዜና ላይ ሰውየው ለቁስሉ ሰከምድ ካለ ሞተ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

እኔ ላንቺ የምመርጥልሽ ሪለንት ነው። ይሄ ቃል ከውጭ የገፋውን ጉልበት ሳይሆን የሰውየውን ልብ ነው የሚያየው፣ ደንድኖ የነበረ ነገር ለዘበ፣ ላላ። ለዝናብም ይባላል፣ የነሐሴን የደሴ ዝናብ ታውቂው የለ፣ የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖት ሦስት ቀን ሲያወርድ ቆይቶ ሲያባራ ዝናቡ ሪለንትድ ይባላል፣ ማንም አላሸነፈውም። ፋታ የማይሰጥ ነገር ሪለንትለስ የሚባለውም ከዚሁ ነው። አንድ ጥንቃቄ፣ ሪለንት ተሳቢ አይወስድም፣ ዘ ኤልደርስ የሚለውን ከኋላው እንዳትለጥፊ፣ አባቴ በመጨረሻ ሪለንትድ ብለሽ አረፍተ ነገሩን ዝጊው።


ጅቡቲ መስመር፦

መምህር እንዳሉት ከሆነ ዪልድም ይሆናል ባይ ነኝ፣ ካጠፋሁ ይቅርታ። እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ የተገለበጠው ሦስት ማዕዘን ምልክት ቅድሚያ ስጥ ነው የሚባለው፣ የአሜሪካኖቹ ላይ ዪልድ ነው የሚለው፣ የእንግሊዞቹ ላይ ጊቭ ዌይ። ቅድሚያ መስጠት ደሞ መሸነፍ አይደለም። ባቲ ቁልቁለቱ ላይ ጭነት ይዞ እየተጎተተ የሚወጣ መኪና ሳይ ጥግ ይዤ አሳልፈዋለሁ፣ እሱ ከቆመ መነሳት ይከብደዋል፣ እኔ ግን ባዶዬን ነኝ፣ መንገዴም አይቀርብኝም። አባትሽ ያደረጉት ይሄን ነው የሚመስለኝ፣ አሳለፉት።


ሙጋድ ሰፈር፦

ትርጉም ሥራ ላይ ነኝና ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ስለ ዪልድ ነው፣ ሾፌሩ ወንድማችን በደንብ ነው ያዩት፣ ግን ቃሉ ከዛም ይርቃል። በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ ከፈለ ነበር፣ የጀርመኖቹ ገልድ፣ ገንዘብ ማለት፣ ዘመዱ ነው። ከፈለ፣ ከዛ አስረከበ፣ ከዛ እሺ አለ እያለ ነው የመጣው፣ መሬቱም የሚከፍልህ ምርት ስለሆነ ግብርና ላይ በሄክታር ይሄን ያህል ኩንታል ሲባል ዪልድ ይባላል። አሁን ገበረ የሚለውን የኛን ቃል አስተያዩት፣ ግብር ከፈለ፣ ከዛ ተገዛ። ሁለት ምንም የማይገናኙ ቋንቋዎች በአንድ መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ደረሱ፣ እኔ ይሄንን መጀመሪያ ሳየው ወላሂ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው ድሮ መሸነፉን የሚያውቀው ሲከፍል ነበር ማለት ነው። እና የእህታችን አባት ከፋይ አይደለም፣ እንዲያውም ካሣ የሚገባው እሱ ነበር፣ ስለዚ ዪልድ ላይ ትንሽ እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛው፣ መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሪለንት ላይ አልስማማም። ትርጉሙ እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ግን ሪለንት የሚለው ሰው ቀድሞ ጨካኝ የነበረው ነው፣ ቀጪው ነው፣ አስተማሪው ቅጣቱን ሲተው፣ አባት ልጁን ሲፈቅድለት፣ ዳኛ ሲራራ። የውጭ ሰው አባቴ ሪለንትድ የሚለውን ሲያነብ ችግሩ የአባትየው ግትርነት ነው የሚመስለው፣ ሽንኩርቱ የደረቀበት ሰው እሱ መሆኑ ይረሳል። ተበዳይ ነው እኮ። ተበዳይ ሲተው ቃሉ ሌላ መሆን አለበት።

ባክ ዳውን እና ኬቭ ኢንን ደሞ ማንም እንዳያነሳባት፣ ባክ ዳውን ዝቶ ዝቶ ወደኋላ ላለ ሰው ነው፣ ኬቭ ኢን ጣሪያ ሲደረመስ የሚባለው ነው፣ ሰው ላይ ሲውል ስድብ ነው።


ሆጤ ሜዳ፦

ኮንሲድን የረሳችሁት መሰለኝ። ኳስ ላይ ጎል ማስተናገድ የምንለው እሱ ነው፣ ክርክር ላይ ደሞ በዚህ ነጥብ ልክ ነህ ማለት፣ ምርጫ ላይ ሽንፈትን ማመን። ሳይወዱ በግድ የሚያምኑት ነገር ነው። ለዚህ ታሪክ እንኳን አይሆንም፣ አባቷ ምንም ያመኑት ጥፋት የለም፣ ለማወቅ ያህል ብዬ ነው።


ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦

ሙጋድ ሰፈር ያልከው እውነት ነው ልጄ። የቃሉን ሥር እያየሁ ማን በደለ ማን ተበደለ የሚለውን ሳላየው አልፌዋለሁ፣ በዚህ ነጥብ ልክ ነህ። ወንድማችን ኮንሲድ ያሉት አሁን እኔ ያደረግሁት ነው፣ ምሳሌ ለሚፈልግ።

ከእንግዲህ የሦስቱን ጥያቄ መልስ እንደገና እንየው። ማን ገፋው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ግን በጉልበት አይደለም፣ አለመጠጣታቸው ነው የገፋው። እኛ ዘንድ እንግዳ ቤትህ ገብቶ የቀዳህለትን ሳይቀምስ ከወጣ ምን ማለት እንደሆነ ወሎ ላደገ ሰው አይነገረውም፣ ለውጭ አንባቢ ግን ካልነገርሽው ቡናው ለምን እንደቀዘቀዘ አይገባውም። ምን አስረከበ፣ ቂሙን። እምቢ ማለት ይችል ነበር ወይ፣ አዎ ይችል ነበር፣ ብዙ ሰው ሽማግሌ መልሶ ያውቃል። እነዚህን ሦስት መልሶች አንድ ላይ የሚይዝ ግስ እያሰብኩ ነው፣ ልመለስበት።


የቦርከና ልጅ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እንዲህ ትረዱኛላችሁ ብዬ አላሰብኩም። ሙጋድ ሰፈር፣ ተበዳይ ነው እኮ ያልከው ላይ አለቀስኩ፣ እውነት ነው፣ እኔም የከበደኝ እሱ ነበር ግን ስሙን አላወቅኩትም።

አሁን ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ አባቴ ጋ ደወልኩ። ስለ እንግሊዝኛው አልነገርኩትም፣ ዝም ብዬ ያኔ ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ተሸንፈህ ነው ወይ እሺ ያልከው አልኩት። ቆጣ አለ መጀመሪያ። «ማን አሸነፈኝ?» አለኝ። ከዛ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እሳቸው በዛ ዕድሜያቸው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው መጥተው ቡናዬን ሳይጠጡ ሊመለሱ? አከበርኳቸው እንጂ። ሰውየውንማ ይቅር ያልኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው» አለኝ።

ይቺን የመጨረሻዋን እኔ አላውቅም ነበር። ትቼዋለሁ ያለው መጀመሪያ ነው፣ ይቅር ያለው በኋላ ነው። ስለዚ ፎርጊቭም አይሆንም ማለት ነው፣ ልጽፈው ነበር እኮ።


ሙጋድ ሰፈር፦

አከበርኳቸው ካሉማ አለቀ። ዲፈር ነው። የራስህን ሐሳብ ወይ መብት ለሌላው ክብር ስትል መተው፣ በዕድሜው፣ በዕውቀቱ፣ በማዕረጉ። የሐሳብህ ትክክል አለመሆን አይደለም፣ አንተ ልክ ሆነህም ትተዋለህ። ከላይ ከቆጠርናቸው ግሶች ሁሉ ተሸናፊ የሌለበት ይሄ ብቻ ነው።


ኮምቦልቻ ነኝ፦

ግን ዲፈር ማስተላለፍ አይደለም እንዴ? ጓደኛዬ የዩኒቨርሲቲ ቅበላውን ለሚቀጥለው ዓመት ዲፈር አስደርጓል።


ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦

ሁለት ቃላት ናቸው ልጄ፣ መልካቸው አንድ ሆኖ ነው። ማዘግየት የሚለው ከኋላው ቀጥታ ተሳቢ ይወስዳል፣ ቅበላውን፣ ክፍያውን፣ ስብሰባውን ዲፈር አደረገ። ማክበር የሚለው ግን ከኋላው ቱ ያስፈልገዋል፣ ዲፈርድ ቱ ዘ ኤልደርስ። ቱ ከወደቀች አባትሽ ሽማግሌዎቹን ለሌላ ቀን ቀጠራቸው ይሆናል፣ ያውም የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ላይ፣ ቃሉን በየቀኑ በዚያኛው ትርጉሙ የሚያዩ ሰዎች ናቸው የሚያነቡት።

እኔ ብሆን ግን የአባትሽን ንግግር ራሱን አስቀድሜ አስገባለሁ። ለናንተ ስል የሚለው ፎር ዩር ሴክ ይሆናል፣ ትቼዋለሁ የሚለው ደሞ አይ ሌት ኢት ጎ፣ ሁለቱም ተራ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ማንም አይሳሳትባቸውም። ዲፈርድ ከዚያ በኋላ ባለው አረፍተ ነገር ላይ ይምጣ። ይቅር ያለው ከሦስት ወር በኋላ መሆኑንም ጻፊው፣ ቦታ ካለሽ።


የቦርከና ልጅ፦

ቦታ አለኝ መምህር፣ 40 ቃል ቀርቶኛል። አሁን የጻፍኩት በአማርኛ ሲታሰብ እንዲህ ነው፦ ሽማግሌዎቹ ሲኒውን ሳያነሱ ጠበቁ፣ ቡናው ቀዘቀዘ፣ አባቴ ለናንተ ስል ትቼዋለሁ አለ፣ ልክ የነበረው እሱ ነው፣ ግን ለነሱ ዲፈር አደረገ፣ ሰውየውን ይቅር ያለው ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ አንድ ማለዳ የውሃ ተራ ሲቀያየሩ። ያንን የነገረኝ ዛሬ በስልክ ነው። ቱን አስገብቻታለሁ፣ ሁለት ጊዜ አየኋት።


ጅቡቲ መስመር፦

ሽንኩርቱስ፣ ብድሩ ተከፈለ?


የቦርከና ልጅ፦

አዎ፣ በቀጣዩ ዓመት። ጎረቤታችን ነው ዘሩን የሰጠን።